«መከታተያ» እና «መቆጣጠሪያ»፦ በአንድ አነስተኛ የልኬት ሥርዓት ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

1. የጉዳዩ አመጣጥ

የሳይንስና ቴክኖሎጂ ቃላትን በአማርኛ የመሰየም ሥራ ለረጅም ጊዜ የተካሄደው በየሙያ ዘርፉ የተሰናዱ የቃላት ዝርዝሮችን መሠረት በማድረግ ነው። በ1989 ዓ.ም. የታተመው የእንግሊዝኛ-አማርኛ የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት የዚሁ ድካም ፍሬ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጡት አብዛኞቹ የኮምፒውተር ቃላት ግን በጉባኤ የተመከረባቸው አይደሉም። በእጅ ስልክና በኮምፒውተር ገጽታዎች ላይ አንድ በአንድ እየተተረጎሙ የገቡ ናቸው። ለተርጓሚው ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ነጠላ ቃሉ ወይም አጭር ሐረጉ ስለሆነ፣ ቃሉ ከየትኛው የሥራ ሂደት እንደ ተወሰደና በአጠገቡ የቆሙት ሌሎች ቃላት የትኞቹ እንደሆኑ ሳያይ ለመተርጎም ይገደዳል።

እንዲህ ያሉት ስያሜዎች አንድ በአንድ ሲታዩ አብዛኞቹ የሚያስነቅፍ ነገር የለባቸውም። ጉድለታቸው የሚገለጠው በአንድ ሥራ ላይ በአንድነት ሲሰለፉ ነው። ይህ ጽሑፍ አንድ አነስተኛ ሥራ መርጦ ስያሜዎቹን በዚያ ላይ ይፈትናል። ሥራውም በመኖሪያ ቤት ግቢ ውስጥ የሙቀት፣ የእርጥበት ወይም የውሃ መጠን ንባቦችን የሚሰበስብና የሚያሳይ ሰርቨር ማቋቋም ነው።

የተመረጠው ሥራ የመሐንዲስ ሳይሆን የባለ ዝንባሌ፣ ማለትም ሙያው ሌላ ሆኖ በትርፍ ጊዜው ለራሱ የሚሠራ ሰው ሥራ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። መሐንዲሱ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ስለ ተማረ የአማርኛው ስያሜ ቢዛባም ፅንሰ ሐሳቡን አይስትም። የጥገና ሠራተኛውም በአጠገቡ የሚያሳየው ባልደረባ አለው። ባለ ዝንባሌው ግን ከጽሑፉ በቀር ሌላ አስረጂ የለውም። ስለዚህ አንድ ስያሜ ፅንሰ ሐሳቡን ብቻውን መሸከም መቻሉን ለመመርመር ከእርሱ የተሻለ ፈታኝ አይገኝም።

2. ሥርዓቱ በአጭሩ

ለምሳሌ ያህል አንድ ሰው በቤቱ ጫጩቶች ያሳድጋል እንበል። አዲስ የተፈለፈሉ ጫጩቶች በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ሙቀት ይሻሉ። ሰውየው የማሳደጊያ ሣጥኑን ሙቀት ከመኝታ ክፍሉ ሆኖ ለማወቅ የሚከተለውን ሰንሰለት ይዘረጋል።

በሣጥኑ ውስጥ ዲኤስ18ቢ20 የተባለ አነስተኛ የሙቀት ዳሳሽ ይቀመጣል። ከዳሳሹ ጋር የተያያዘች ኢኤስፒ8266 የተባለች ቺፕ የተሸከመች ትንሽ ሰሌዳ ንባቡን ተቀብላ በገመድ አልባ መረብ ትልከዋለች። መልእክቱን በሌላው ወገን የሚቀበለው ራስፕቤሪ ፓይ የተባለው፣ የመታወቂያ ካርድ የሚያህልና እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በገበያ ላይ የዋለው ኮምፒውተር ነው። በዚህ ኮምፒውተር ላይ ሦስት ፕሮግራሞች ይሠራሉ። አንደኛው መልእክት የሚቀበልና የሚያከፋፍል ሞስኪቶ፣ ሁለተኛው ንባቦችን ከነሰዓታቸው የሚመዘግብ ኢንፍሉክስዲቢ፣ ሦስተኛው መዝገቡን በግራፍ የሚያሳይ ግራፋና ይባላሉ።

መልእክቱ የሚጓዝበት ደንብ ኤምኪውቲቲ ይባላል። ደንቡን እ.ኤ.አ. በ1999 የነደፉት አንዲ ስታንፎርድ-ክላርክ እና አርለን ኒፐር ሲሆኑ፣ ዓላማቸውም የነዳጅ ማስተላለፊያ ቧንቧዎችን በሳተላይት አማካይነት በአነስተኛ ወጪ ለመከታተል ነበር። በረሃ ለሚያቋርጥ ቧንቧ የታሰበው ደንብ ዛሬ የጫጩት ሣጥን ያገለግላል።

3. አንድ ቃል ለሁለት ተግባር

የሰንሰለቱ አጠቃላይ ተግባር በአማርኛ ምን ይባላል? በንግግርም፣ በሻጮች ማስታወቂያም፣ በተተረጎሙ መመሪያዎችም በብዛት የሚሰማው «የሙቀት መቆጣጠሪያ» የሚለው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋነኛ ሂስ በዚህ ስያሜ ላይ ነው።

ከላይ የተገለጸው ሥርዓት ሙቀቱን ይለካል፣ ይመዘግባል፣ ያሳያል፤ ከተፈለገም ያስጠነቅቃል። ሙቀቱን ግን አይለውጥም። ሌሊት አምፖሉ ቢቃጠልና ሣጥኑ ቢቀዘቅዝ ግራፉ ቁልቁል መውረዱን በታማኝነት ይመዘግባል እንጂ ሌላ አምፖል አያበራም። በአንጻሩ ሙቀቱ ሲወርድ ማሞቂያውን የሚያበራ፣ ሲወጣ የሚያጠፋ ሌላ ዓይነት መሣሪያ አለ። አማርኛችን ለሁለቱም «መቆጣጠሪያ» ይላል። የመጀመሪያውን ገዝቶ ሁለተኛውን የገዛ መስሎት የተኛ ሰው ጠዋት የሚያገኘው የሞቱ ጫጩቶችንና የአሟሟታቸውን ትክክለኛ ግራፍ ነው።

የቃሉ አሻሚነት ከስንፍና የመጣ አይደለም። «ተቆጣጠረ» ከ«ቆጠረ» የወጣ ግሥ ሲሆን፣ የቃሉ መሠረት ቆጠራና ማመሳከር እንጂ ማዘዝ አይደለም። የፈረንሳይኛው «ኮንትሮል» ታሪክም ከዚህ የራቀ አይደለም። መነሻው ለማመሳከሪያ የሚያዝ ሁለተኛ መዝገብ ነበር። ቃሉ በፈረንሳይኛ እስከ ዛሬ መፈተሽንና ማረጋገጥን ሲያመለክት፣ ወደ እንግሊዝኛ ከተሻገረ በኋላ ግን ማዘዝ የሚለው ትርጉም አይሎበታል። በአማርኛም «የሒሳብ ቁጥጥር» ስንል ምርመራን፣ «ከተማውን ተቆጣጠረ» ስንል ሥልጣንን መያዝን እንረዳለን። ሁለቱም ፍቺዎች ሕጋዊ ናቸው። ሕጋዊ የማይሆነው በአንድ ሙያ ውስጥ፣ በአንድ መመሪያ ገጽ ላይ ሁለቱን ሳይለዩ መጠቀም ነው።

የሚያስገርመው ቋንቋው ልዩነቱን አስቀድሞ የሚያውቅ መሆኑ ነው። በመሥሪያ ቤቶች የሥራ ቋንቋ «ክትትልና ቁጥጥር» ተጣምረው የሚነገሩት፣ አንዱ የሌላውን ቦታ ስለማይሸፍን ነው። ሥራን የሚከታተል ሁሉ የማዘዝ ሥልጣን እንደሌለው ማንኛውም ጸሐፊ ያውቃል። የቢሮው አማርኛ የለየውን የመሣሪያው አማርኛ የሚያደባልቅበት ምክንያት የለም። ስለሆነም ለሚያየውና ለሚመዘግበው መሣሪያ «መከታተያ»፣ በሚለካው ነገር ላይ ለውጥ ለሚያደርገው ደግሞ «መቆጣጠሪያ» መባል ይገባል።

የመሣሪያ ስም ቅርጽ የተመረጠበትም ምክንያት አለ። ከ«ተከታተለ» የሚወጣው የባለቤት ስም «ተከታታይ» ነው፤ ይህ ግን «ተከታታይ ድራማ» እንደሚባለው አንዱ ሌላውን ተከትሎ የሚመጣ የሚለውን ፍቺ ይዞ ስለ ረጋ ለስያሜ አይመችም። «ተቆጣጣሪ»ም ሰውን የሚያመለክት የሥራ መጠሪያ ሆኗል። «መከታተያ» እና «መቆጣጠሪያ» ግን በቅርጽ አቻ፣ በፍቺ ልዩ ሆነው ጎን ለጎን ይቆማሉ።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊቀርቡ ይችላሉ። የመጀመሪያው፣ ሕዝቡ «መቆጣጠሪያ» ማለት ስለ ለመደ መመለስ አይቻልም የሚል ነው። መልሱ፣ ማንም ሰው ቃሉን እንዲተው አልተጠየቀም የሚል ይሆናል። የተጠየቀው ከሁለቱ ፍቺዎች ለአንዱ ብቻ እንዲውል ነው፤ የተለመደን ቃል ማጥበብ አዲስ ቃል ከማስለመድ ይቀላል። ሁለተኛው ተቃውሞ የእንግሊዝኛውን ቃል እንዳለ መዋስ ይሻላል የሚል ነው። ነገር ግን «ሞኒተር» በአማርኛ ቀደም ብሎ የኮምፒውተር ማሳያ መስተዋት መጠሪያ ሆኗል። ስለዚህ ውሰቱ ከአንድ አሻሚነት አውጥቶ ሌላ ውስጥ ይከተናል።

4. አገልጋዩ ማን ነው?

«ሰርቨር» የሚለው ቃል በብዙ ሰው አእምሮ ውስጥ በቀዝቃዛ ክፍል የተደረደሩ ትልልቅ መሣሪያዎችን ይቀሰቅሳል። «አገልጋይ» የተባለው ትርጉም ከዚህ ስህተት ሊያወጣን የሚችል መልካም ስያሜ ነበር፤ ምክንያቱም አገልጋይነት ሚና እንጂ የዕቃ ዓይነት አይደለም። ይሁንና «አገልጋይ ኮምፒውተር» እየተባለ በመነገሩ ሚናው እንደገና ወደ ዕቃነት ወርዷል።

በያዝነው ምሳሌ መታወቂያ በምታህለው ሰሌዳ ላይ ሦስት አገልጋዮች አሉ። መልእክት አከፋፋዩ፣ መዝጋቢውና አሳዪው እያንዳንዳቸው አገልጋይ ናቸው። አሳዪው ፕሮግራም ለተመልካቹ አገልጋይ ሲሆን፣ መዝገቡን ሲጠይቅ ደግሞ ራሱ ተገልጋይ ይሆናል። «አገልጋዩ ቆሟል» የሚል መልእክት ያነበበ ሰው ማሽኑን አጥፍቶ የሚያበራ ከሆነ፣ ደኅና ሲሠሩ የነበሩትን ሁለቱን አብሮ ያቆማቸዋል። ስለዚህ «አገልጋይ» ለፕሮግራሙ፣ «አስተናጋጅ» ፕሮግራሞቹን ለተሸከመው ማሽን ተለይተው ቢሰጡ ግልጽነት ይገኛል። በአገልግሎቱ ተጠቃሚ ለሆነው ፕሮግራምም «ደንበኛ» ከሚለው ይልቅ «ተገልጋይ» ይመረጣል፤ ከ«አገልጋይ» ጋር ከአንድ ግሥ ስለሚወጣ ዝምድናቸውን ቃሉ ራሱ ያሳያል።

የአከፋፋዩ ስያሜም አንድ ቃል ይሻል። የእንግሊዝኛው መጠሪያ በቀጥታ ቢመለስ «ደላላ» ይሆናል። ደላላ ግን ሻጭንና ገዢን አገናኝቶ ኮሚሽኑን የሚቀበል ሰው ነው። በዚህ ደንብ ግን ላኪና ተቀባይ ከቶ አይገናኙም፤ አንዱ የሌላውን መኖር እንኳ ማወቅ አያስፈልገውም። ላኪው በአንድ ርዕስ ሥር ንባቡን ያወጣል፤ ርዕሱን እንዲደርሰው ያስመዘገበ ሁሉ ይቀበላል። ይህ የጋዜጣ ሥርጭት አሠራር ስለሆነ «አከፋፋይ» የሚለው ትክክለኛ ስያሜ ነው።

5. «አካባቢ» እና «ግቢ»

ሥርዓቱ የሚሠራበት መረብ በተለመደው ትርጉም «አካባቢያዊ አውታረ መረብ» ይባላል። «አውታረ መረብ» የተሳካ ጥምረት ነው። ችግሩ «አካባቢ» ላይ ነው። «የአካባቢ ጥበቃ» ስንል ተፈጥሮን፣ «የአካባቢው ነዋሪ» ስንል ሠፈርን እናመለክታለን። ታዲያ «የአካባቢ ዳሳሽ» ምንድን ነው? የአየሩን ሁኔታ የሚለካ ነው ወይስ በቅርብ ያለ ዳሳሽ? በልኬት ሥራ ውስጥ ሁለቱም በየገጹ ስለሚመጡ አንባቢው መምረጫ ያጣል።

ከዚህም የባሰ፣ «አካባቢ» ወሰን የለውም። የዚህ መረብ ዋነኛ ጠባይ ግን ወሰን ያለው መሆኑ ነው። በውስጡ የሚታደሉት እንደ 192.168 ባሉ ቁጥሮች የሚጀምሩ አድራሻዎች ከግቢው ውጭ በኢንተርኔት ላይ አይጓዙም። አማርኛ ለእንዲህ ያለው ወሰን «ግቢ» የሚል ጥንታዊና ሕያው ቃል አለው። የመኖሪያ ቤትም፣ የትምህርት ቤትም፣ የመሥሪያ ቤትም ግቢ አለ፤ ግቢ አጥር አለው፤ አጥሩ በር አለው፤ በሩን ማን እንደሚከፍት የሚወስን ባለቤት አለ። «የግቢ መረብ» ቢባል ባለ ዝንባሌው ከስሙ ብቻ የደኅንነቱን መሠረተ ሐሳብ ይረዳል።

በሩን ካነሣን ዘንድ፣ አንድ ፕሮግራም መልእክት የሚቀበልበት ቁጥር በአንዳንድ ትርጉሞች «ወደብ» ተብሎ ይገኛል። ይህ መርከብ የሚቆምበት ስፍራ ስም ነው። እንግሊዝኛው ለባሕር ወደብና ለመሣሪያ መግቢያ በአንድ ድምፅ ቢጠቀም አማርኛ እዳውን የሚወርስበት ምክንያት የለም። «በር ቁጥር 1883» ቢባል ማንም ይረዳዋል። ኤምኪውቲቲ በዚህ በር የሚቀበለው ምስጢራዊ ያልተደረገ መልእክት ነው፤ ለተመሰጠረው የተመደበው በር ቁጥር 8883 ነው። «1883ን ወደ ውጭ አትክፈት» የሚለው ምክር በ«በር» ሲነገር ማስጠንቀቂያ ይሆናል፤ በ«ወደብ» ሲነገር ግን ቁጥር ብቻ ሆኖ ይቀራል።

6. ንባብ፣ እርከን እና ኑዛዜ

ዲኤስ18ቢ20 በ12 ቢት ሲሠራ የ0.0625 ዲግሪን ለውጥ ለይቶ ያሳያል። ይህን ችሎታ ከምስልና ከማሳያ መስተዋት በተወሰደ ልማድ «ጥራት» ብሎ መተርጎም የተለመደ ነው። የዚሁ ዳሳሽ የስህተት ወሰን ግን ከ10 ዲግሪ ከዜሮ በታች እስከ 85 ዲግሪ ባለው ክልል ውስጥ ግማሽ ዲግሪ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ነው። «ጥራቱ 0.0625 ነው» የተባለ አንባቢ ዳሳሹ ከዚህ በላይ አይሳሳትም ብሎ ቢደመድም ጥፋቱ የእርሱ አይደለም።

ክትባቶች በአብዛኛው የሚቀመጡት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ሙቀት ሲሆን፣ ከእነርሱም መካከል ቅዝቃዜ ሲበረታ የሚበላሹ አሉ። በዝንባሌ የተሠራ መሣሪያ የክትባት ማቀዝቀዣን ኃላፊነት ይሸከም ማለት አይደለም፤ የስያሜው ትምህርት ግን አንድ ነው። 2.0625 የሚል ንባብ ከወሰኑ በላይ ያለ ይመስላል፤ እውነተኛው ሙቀት ግን ከ1.56 እስከ 2.56 በየትኛውም ነጥብ ላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መሣሪያው ለይቶ ሊያሳየው ለሚችለው ትንሹ ለውጥ «የንባብ እርከን»፣ ከእውነተኛው መጠን ሊርቅ ለሚችልበት መጠን ደግሞ «የስህተት ወሰን» ማለት ይገባል። እርከን መወጣጫ እንጂ ምስክርነት እንዳልሆነ ቃሉ ራሱ ይናገራል።

«ንባብ» የሚለውም ከ«ልክ» ተለይቶ መያዝ አለበት። ይኸው ዳሳሽ ኤሌክትሪክ እንደ ተለቀቀበት፣ አንድም ልኬት ሳያከናውን ቢጠየቅ 85 ዲግሪ ብሎ ይመልሳል። ይህ ንባብ ነው፤ የምንም ነገር ልክ ግን አይደለም። በግራፉ ላይ ድንገት 85 አይቶ የደነገጠ ባለ ዝንባሌ፣ መመሪያው «የተለካው ሙቀት» ብሎ ስለ ጻፈለት ጫጩቶቹ የተቃጠሉ ይመስለዋል።

የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉ ይልቅ የተሰወረ ነው። አከፋፋዩ ላኪው ከፈቀደ በአንድ ርዕስ ሥር የደረሰውን የመጨረሻ መልእክት ይዞ ያቆያል፤ ዘግይቶ ለሚመጣ ተቀባይም ወዲያው ይሰጠዋል። ዳሳሹ ከትናንት ጀምሮ ሞቶ ቢሆንም አዲስ የመጣው ተመልካች 33 ዲግሪ የሚል የተረጋጋ ቁጥር ያያል። ይህን «የአሁኑ ሙቀት» ብሎ መተርጎም ሙት በሕይወት እንዳለ መናገር ነው። ትክክለኛው ስያሜ «የቆየ ንባብ» ነው፤ ከጎኑም ሰዓቱ መጻፍ አለበት።

ደንቡ ራሱ ለዚህ አደጋ መድኃኒት አዘጋጅቷል። ላኪው ገና ሲገናኝ፣ ድንገት ቢጠፋ በስሙ እንዲነገርለት የሚፈልገውን መልእክት ለአከፋፋዩ አስቀድሞ ያስረክባል። ከዚያ ላኪው በገባው የጊዜ ልክ ካልተሰማ፣ የጊዜው አንድ ተኩል እጥፍ ሲያልፍ አከፋፋዩ ግንኙነቱን ቆርጦ ያንን መልእክት ያወጣል። የጊዜው ልክ 60 ሴኮንድ ከሆነ ይህ የሚሆነው ከ90 ሴኮንድ በኋላ ነው። ለዚህ ፅንሰ ሐሳብ አማርኛ አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልገውም፤ «ኑዛዜ» አለው። በሕይወት ሳሉ የሚነገር፣ በታመነ ሰው እጅ የሚቀመጥ፣ ከሞት በኋላ የሚገለጥ መሆኑ ሁሉ ይገጥማል። ይህን መልእክት «የመጨረሻ ፈቃድ» ብሎ የሚተረጉም ሰው የእንግሊዝኛውን ቃላት እንጂ ፅንሰ ሐሳቡን አልተረጎመም።

7. ለውይይት የቀረቡ ስያሜዎች

ዳሳሽ፦ የአንድን ተፈጥሮአዊ ሁኔታ መጠን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጥ። («ዳሰሰ» የእጅ ሥራ ቢሆንም «ዳሰሳ» ለጥናትም ስለሚነገር ሳይነኩ ለሚለኩ ዳሳሾች መዋሉ አያስነቅፍም። «የስሜት ሕዋስ» ግን ለሥነ ሕይወት ይተው።)

አነፍናፊ፦ የአንድን ነገር መኖር ወይም አለመኖር ብቻ የሚያመለክት፤ የጭስና የጋዝ አነፍናፊ።

ንባብ፦ ዳሳሹ በአንድ ቅጽበት የሰጠው ቁጥር።

የቆየ ንባብ፦ አከፋፋዩ ይዞ ያቆየው፣ የአሁኑን ሁኔታ ላያመለክት የሚችል ንባብ።

የንባብ እርከን፦ መሣሪያው ለይቶ የሚያሳየው ትንሹ ለውጥ።

የስህተት ወሰን፦ ንባቡ ከእውነተኛው መጠን ሊርቅ የሚችልበት ልክ።

መከታተያ፦ ንባብ ተቀብሎ የሚመዘግብ፣ የሚያሳይና የሚያስጠነቅቅ፤ በሚለካው ነገር ላይ ለውጥ የማያደርግ።

መቆጣጠሪያ፦ ንባቡን ከተፈለገው መጠን ጋር አመሳክሮ በሚለካው ነገር ላይ ለውጥ የሚያደርግ።

አገልጋይ፦ ለሌሎች ፕሮግራሞች አገልግሎት የሚሰጥ ፕሮግራም፤ ተጠቃሚው ተገልጋይ ይባላል።

አስተናጋጅ፦ አገልጋዮችን የተሸከመ ማሽን።

አከፋፋይ፦ ከላኪ የተቀበለውን መልእክት ርዕሱን ላስመዘገቡ ተቀባዮች የሚያደርስ አገልጋይ።

የግቢ መረብ፦ በአንድ ባለቤት ወሰን ውስጥ የሚሠራ መረብ።

በር፦ አገልጋይ መልእክት የሚቀበልበት ቁጥር።

ኑዛዜ፦ ላኪው ድንገት ቢጠፋ እንዲወጣ በአከፋፋዩ ዘንድ የተቀመጠ መልእክት።

የድርጅትና የደንብ መጠሪያዎች እንዳሉ በውሰት ሊቀጥሉ ይገባል። «ሴንሰር» እና «ሰርቨር»ም በሠራተኛው አፍ የተለመዱ ስለሆኑ በመዝገበ ቃላት በአቻነት ቢመዘገቡ ጉዳት የለውም። አሳሳቢው ውሰት ሳይሆን ከመሣሪያው ችሎታ በላይ ተስፋ የሚሰጥ ስያሜ ነው። መከታተያውን መቆጣጠሪያ፣ እርከኑን ጥራት፣ የቆየውን የአሁን የሚል ስያሜ ሦስቱንም ጊዜ የሚሳሳተው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው፤ አንባቢው ደኅና ያልሆነውን ደኅና ነው ብሎ እንዲያምን ያደርጋል።

ስለዚህ ተርጓሚዎች እንዲህ ያለ የቃላት ዝርዝር ሲቀርብላቸው ከመጀመራቸው በፊት ሙሉውን ሰንሰለት፣ ከሚለካው ነገር አንሥቶ እስከሚያነበው ሰው ድረስ በአንድ ገጽ ላይ ተስሎ እንዲሰጣቸው መጠየቅ ይገባቸዋል። ያ ገጽ በሌለበት የሚሰጥ ስያሜ ቢገጥም እንኳ በአጋጣሚ የገጠመ ነው።